ከጅግጅጋ ወደ ባቢሌና ወደ አዋሽ፤ የዱር አራዊትን ለማየት በመኪና የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ዝሆንን በስሙ የማያውቅ የትምህርት ቤታችን ተማሪ አይገኝም። ሥዕሉን ገና ፊደል ስንቆጥር አይተነዋል፤ ትልቅነቱንም በተረት ሰምተናል። ነገር ግን ከመካከላችን ዝሆንን በዐይኑ ያየ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ እጁን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ይህም የሚያስደንቀው ዝሆን የሚገኘው በሩቅ አገር ሆኖ ሳይሆን ከጅግጅጋ ተነሥቶ በመኪና ከግማሽ ቀን ባነሰ ጊዜ ከሚደረስበት ከባቢሌ ሸለቆዎች መሆኑ ነው። ዕድሜያችንን በሙሉ ወደ ሐረር ስንመላለስ ከዝሆኖቹ ደጃፍ እያለፍን ሳናያቸው እንቀራለን።

ብዙ ሰው ይህን የመሰለ ጉዞ የሚከናወነው በገንዘብና በዕድል ብቻ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ዋነኛው ነገር ሒሳብ ነው። የቀኑን ብርሃን፥ የመንገዱን ርዝመት፥ የውሃውንና የነዳጁን ልክ አስቀድሞ ያሰላ ሰው ብዙ አይቶ በደኅና ይመለሳል፤ ሳያሰላ የወጣ ግን ወይ ምንም ሳያይ ይመለሳል፤ ወይም ከነቤተ ሰቡ በጨለማ መንገድ ላይ ይቀራል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌ ለመንገደኛም የተነገረ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በጂኦግራፊና በሒሳብ ክፍል የተማርነውን ይዘን ከጅግጅጋ እስከ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያና እስከ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚያደርስ አንድ ጉዞ እናቅዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ፓርኮቹ አመጣጥ

ሰዎች በገዛ መኪናቸው እየነዱ የዱር አራዊትን መጎብኘት ከጀመሩባቸው ቀደምት ስፍራዎች አንዱ በደቡብ አፍሪቃ የሚገኘው የክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1926 ተቋቋመ፤ በ1927 የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጎብኚ መኪናዎች ገቡበት። ዛሬ በዚያ በርካታ የተጠረጉ መንገዶች አሉ፤ በሩ ሲነጋ ይከፈታል፤ ሲመሽ ይዘጋል፤ ጎብኚውም ከተፈቀደለት ስፍራ በቀር ከመኪናው አይወርድም። በጎረቤታችን በኬንያም የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946፥ የጻቮ ፓርክ በ1948 ተመሠረቱ።

በአገራችን ደግሞ በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ግብዣ በሰር ጁልያን ሐክስሊ የሚመራ የዩኔስኮ የልኡካን ቡድን መጥቶ የዱር አራዊታችን የሚጠበቁባቸው ስፍራዎች እንዲከለሉ አሳሰበ። ከዚህም በኋላ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ታወጀ። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የተቋቋመው በ1970 ነው።

የሁለቱ ስፋት እጅግ የተለያየ ነው። የአዋሽ ፓርክ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን የባቢሌ መጠለያ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ይኸውም የአዋሽን ዘጠኝ እጥፍ ያህል ነው። ይህን ልዩነት ለማቀድ ሲነሡ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአዋሽ የመኪና መንገዶችና ማረፊያዎች ስላሉ በመኪና እየተዘዋወሩ ማየት ይቻላል። በባቢሌ ግን ስፍራው ሰፊ፥ ቍጥቋጦው ጥቅጥቅ ያለ፥ መንገዱም ጥቂት ስለ ሆነ መኪናው እስከ ሸለቆው ጠርዝ ያደርሳል እንጂ ከዚያ ወዲያ ከዱር እንስሳት ጠባቂ፥ ማለት ከስካውት፥ ጋራ በእግር መሄድ ግድ ነው።

መንገዱን በካርታ ላይ ማወቅ

ከጅግጅጋ ወደ ምዕራብ ስንወጣ በመጀመሪያ የምናገኘው በ1978 ብርቱ ጦርነት የተደረገበትን የካራማራን ተራራ ነው። ተራራውን አልፈን ወደ ፋፈን ሸለቆ እንወርዳለን፤ ቀጥሎም የዳካታ ሸለቆ ይመጣል። በዳካታ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው የደረደራቸው የሚመስሉ ትላልቅ ቋጥኞች አንዱ ባንዱ ላይ ቆመው ይታያሉ። ቋጥኞቹን እንዲህ የቀረጿቸው ነፋስ፥ ዝናምና የቀንና የሌሊት ሙቀት መለዋወጥ በብዙ ዘመን ነው። ከዚያ በለውዟ፥ በግመል ገበያዋና በማዕድን ውሃዋ የታወቀችውን የባቢሌን ከተማ እናገኛለን። ከባቢሌ በኋላ መንገዱ የኤረርን ሸለቆ አቋርጦ ሐረር ይደርሳል።

ከሐረር ወደ አዋሽ የሚወስደው መንገድ በዓለማያ፥ በቁልቢ፥ በሂርናና በጭሮ፥ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፥ አድርጎ በጨርጨር ተራሮች ላይ ይጠማዘዛል። ከጭሮ በኋላ ወደ ሚኤሶ ቆላ ይወርድና አዋሽ ሰባት ኪሎ ይገባል። ርቀቱ በግምት እንዲህ ነው፤

ከጅግጅጋ እስከ ባቢሌ 70 ኪሎ ሜትር፤
ከባቢሌ እስከ ሐረር 30 ኪሎ ሜትር፤
ከሐረር እስከ ጭሮ 200 ኪሎ ሜትር፤
ከጭሮ እስከ አዋሽ 100 ኪሎ ሜትር፤
ድምር 400 ኪሎ ሜትር።

ከቀብሪ በያህ የሚነሡ ጓደኞቻችን እስከ ጅግጅጋ ላለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምሩ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በካርታችን ላይ ኤረር የሚባለው ስም ከአንድ ስፍራ በላይ ይገኛል። አንደኛው ኤረር በሲቲ ዞን በቀድሞው የባቡር ሐዲድ ላይ ያለው፥ ፍል ውሃ የሚፈልቅበት ከተማ ነው። ሁለተኛው ኤረር ዝሆኖቹ የሚገኙበት፥ ውሃውም ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚወርድ የባቢሌ አካባቢ ወንዝና ሸለቆ ነው። እንዲሁም ባቢሌና ጉርሱም የሚባሉ ወረዳዎች በኦሮሚያም በሶማሌም ክልል አሉ። ስለዚህ መንገድ ስንጠይቅ «ኤረር ወዴት ነው?» ማለት አይበቃም፤ «በባቢሌ በኩል ያለው የዝሆኖቹ ኤረር» ብሎ መለየት ይገባል።

ወቅቱን መምረጥ

የከብት አርቢ ልጅ የሆነ ሁሉ ወቅቶችን ከማንም መጽሐፍ ይበልጥ ያውቃል። በእኛ አካባቢ በጉ ወራት፥ ማለት በበልግ፥ ዝናም ይጥላል፤ በከረንም፥ ማለት በክረምት፥ እንዲሁ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቁ ጊዜ ጅላል ይባላል። ለጉዟችን የሚሻለው ጅላል ነው፤ ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛ፥ ሣሩ ስለሚደርቅና ቅጠሉ ስለሚረግፍ እንስሳት ከሩቅ ይታያሉ። ሁለተኛ፥ ውሃ በየስፍራው ስለማይገኝ አራዊቱ ወደ ወንዙ ይሰበሰባሉ። ሦስተኛ፥ የጥርና የየካቲት የትምህርት ዕረፍት በዚሁ ወቅት ይውላል። ነገር ግን በታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል ስለሚከበርና ከመላው አገር እጅግ ብዙ መኪና ወደዚያ ስለሚጓዝ፥ ለንግሥ የማይሄድ መንገደኛ በዚያ ሰሞን ባይነሣ ይመረጣል።

በዝናም ወራት ትልቁ አደጋ የደረቅ ወንዝ ነው። ብዙውን ጊዜ አሸዋ ብቻ መስለው የሚታዩ ወንዞች አሉ። ዝናሙ ግን የሚዘንበው እኛ በቆምንበት ቆላ ሳይሆን በሩቅ በደጋው ላይ ሊሆን ይችላል። ከበላያችን ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ከተራራው የወረደው ጎርፍ በድንገት ይደርሳል። ስለዚህ በአሸዋ ወንዝ ውስጥ መኪና ማቆም፥ ድንኳን መትከል ወይም ምሳ ለመብላት መቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ጎርፍ ከመጣም ጥበቡ መጠበቅ ነው። ፈጥኖ የመጣ ጎርፍ ብዙ ጊዜ ፈጥኖ ይጎድላልና፥ የሁለትና የሦስት ሰዓት ትዕግሥት መኪናንና ሕይወትን ያድናል።

የሚለበሰውንም ልብስ በሒሳብ መገመት ይቻላል። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ የአዋሽ ሜዳ 1,000 ሜትር ያህል ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ በግምት 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚለዋወጥ በ600 ሜትር ልዩነት አዋሽ ከጅግጅጋ 4 ዲግሪ ያህል ትሞቃለች ማለት ነው። በመካከሉ ግን መንገዱ ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥቶ በጨርጨር ደጋ ስለሚያልፍ ሹራብ ሳይዙ መነሣት ስሕተት ነው።

የቀኑን ብርሃን ማሰላት

አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች የቀንና የሌሊቱ ርዝመት ከዓመት እስከ ዓመት ብዙ አይበላለጥም። ከጧቱ 12 ሰዓት ገደማ ይነጋል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ይመሻል። እንግዲህ መንገደኛው በቀን የሚያወጣው ካፒታል 12 ሰዓት ብቻ ነው።

አሁን ከጅግጅጋ አዋሽ በአንድ ቀን እንደርሳለን ብለን እንሞክር። እስከ ሐረር 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በአማካይ 50 ብንሄድ 2 ሰዓት ይፈጃል። ከሐረር እስከ ጭሮ ጠመዝማዛና ዳገት ስለሚበዛበት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብንቈጥር 200 ኪሎ ሜትሩ 5 ሰዓት ይወስዳል። የቀረው 100 ኪሎ ሜትር 2 ሰዓት ነው። በድምሩ 9 ሰዓት ሆነ። በዚህ ላይ ለቍርስና ለምሳ፥ ለነዳጅ ወረፋና በየኬላው ለሚደረግ ፍተሻ 2 ሰዓት ተኩል እንጨምር፤ 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከጧቱ 12 ሰዓት የተነሣ ሰው አዋሽ የሚደርሰው ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ለጨለማው የቀረው ግማሽ ሰዓት ብቻ ሆነ። አንድ ጎማ ቢፈነዳ ያ ግማሽ ሰዓት አለቀ ማለት ነው።

በሌሊት መንዳት ለምን እንደሚያስፈራ ለእኛ አገር ሰው ብዙ መናገር አያስፈልግም። የግመል ቀለም ከአፈሩ ጋራ ይመሳሰላል፤ በምሽትም ከመንገድ ዳር ተነሥቶ በድንገት ይሻገራል። እግሩ ረጅም ስለ ሆነ መኪና በመታው ጊዜ ከባዱ ገላው የሚወድቀው በመስተዋቱ በኩል በነጂውና በአጠገቡ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው። ከዚህም ሌላ ግመሉ የአንድ ቤተ ሰብ ሀብት፥ ወተትና መጓጓዣ ነው። ስለዚህ የዕቅዳችን የመጀመሪያው ሕግ «ጀምበር ሳትጠልቅ ማደሪያ መድረስ» ይሁን።

በዚህ ሕግ መሠረት ጉዞው የአምስት ቀን ይሆናል።

በ1ኛው ቀን ከጅግጅጋ በ12 ሰዓት ተነሥተን በ1 ሰዓት ተኩል ባቢሌ እንደርሳለን፤ ስካውት ይዘን ወደ ሸለቆው እንገባለን፤ ከቀትር በኋላ ወጥተን ሐረር እናድራለን። በ2ኛው ቀን ከሐረር አዋሽ የ7 ሰዓት መንገድ ነው፤ 2 ሰዓት ለዕረፍት ቢጨመር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደርሰን እንስሳት ከጥላ የሚወጡበትን የአመሻሽ ጊዜ እናገኛለን። 3ኛውን ቀን በሙሉ በፓርኩ እናሳልፋለን። በ4ኛው ቀን ወደ ሐረር እንመለሳለን። በ5ኛው ቀን ጧት በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን የጀጎልን ግንብ አይተን በቀን ብርሃን ጅግጅጋ እንገባለን። በሐረር የምናድርባቸው ሁለት ምሽቶችም ባዶ አይሆኑም፤ ከግንቡ ውጭ ለጅቦች ሥጋ ሲሰጥ ማየት ይቻላልና።

የነዳጅና የውሃ ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል ስድስት ሰዎች የምትይዝ፥ አራቱም ጎማዎቿ የሚነዱ አንዲት መኪና አለችን እንበል። በደኅና መንገድ በ1 ሊትር ናፍጣ 8 ኪሎ ሜትር፥ በፓርክ ውስጥ በዝቅተኛ ማርሽ ደግሞ በ1 ሊትር 5 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብለን እንቍጠር።

ደርሶ መልስ መንገዱ 800 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ8 ሲካፈል 100 ሊትር ይሆናል። በባቢሌ 60፥ በአዋሽ 140፥ በጠቅላላው 200 ኪሎ ሜትር በጥርጊያ መንገድ ብንዘዋወር ለ5 ተካፍሎ 40 ሊትር ይሆናል። ድምሩ 140 ሊትር ነው። ለማይታወቅ ነገር አንድ አምስተኛውን፥ ማለት 28 ሊትር ብንጨምር 168 ሊትር ሆነ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መያዝ አያስፈልግም፤ በጅግጅጋ፥ በሐረር፥ በጭሮና በአዋሽ ከተሞች መቅዳት ይቻላል። ነገር ግን ነዳጅ የሚያልቅበትና ወረፋ የሚበዛበት ቀን ስላለ የሁለተኛው ሕጋችን ቃል «ጋኑ ከግማሽ ሳይጐድል ሙላ» የሚል ይሁን።

ውሃን በሚመለከት፥ መኪናዋ ሰው በሌለበት ስፍራ ብትቆም እርዳታ እስኪመጣ ሁለት ቀን ሊያልፍ ይችላል ብለን እንነሣ። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ቢያስፈልግ 6 ሰዎች በ2 ቀን 60 ሊትር ይፈጃሉ። ለራዲያተር 20 ሊትር ሲጨመር 80 ሊትር፥ ይኸውም ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ነው። የ80 ሊትር ውሃ ክብደት 80 ኪሎ ግራም ስለሚሆን ጀሪካኖቹ ከመኪናዋ ጣሪያ ላይ አይጫኑም። ክብደት ወደ ላይ በወጣ መጠን መኪና በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች። የነዳጅ ጀሪካን ደግሞ ተሳፋሪ ከሚቀመጥበት ስፍራ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

መኪናዋን ማሰናዳት

ከመነሣታችን ሳምንት አስቀድሞ ሜካኒክ ፍሬኑን፥ ጎማዎቹን፥ የሞተሩን ቺንጋና የራዲያተሩን ቧንቧዎች ይመልከት። በጉዞውም ሁለት ትርፍ ጎማ፥ ክሪክ፥ የጎማ መንፊያ፥ አካፋ፥ ወፍራም ገመድ፥ የእጅ ባትሪና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይያዝ። ክሪክ በአሸዋ ላይ ስለሚሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ አንድ ጣውላ መጨመር አይረሳ።

የተማርነው ፊዚክስ እዚህም ይጠቅማል። ረጅም ቍልቍለት ሲወረድ ፍሬን ሳያቋርጡ ቢረግጡ ሰበቃው ሙቀት ይፈጥራል፤ ፍሬኑም የግለቱ ብዛት ኃይሉን ያደክመዋል። ስለዚህ የጨርጨርን ቍልቍለት መውረድ የሚገባው በከባድ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እንዲይዝ እያደረጉ ነው። በአሸዋ ውስጥ ጎማ ቢሰምጥ ከጎማው ጥቂት አየር ማስተንፈስ ጎማው ሰፍቶ እንዲያርፍ ያደርገዋል፤ ወደ አስፋልት ሲመለሱ ግን ወዲያው መንፋት ያስፈልጋል። የጋለ ራዲያተርም አይከፈትም፤ በግፊት የታመቀው ውሃ ክዳኑ ሲነሣ በእንፋሎት ገንፍሎ ፊትን ያቃጥላልና። ሞተሩን አጥፍቶ ቀዝቀዝ እስኪል መጠበቅ ነው።

ከጉዞው በፊት የሚጠየቁ ሰዎች

ለትምህርት ቤት ጉዞ ከርእሰ መምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይወሰዳል። የመጠለያውንና የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ፥ ስለ መግቢያ ክፍያና ስለ ስካውት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያም በጉዞው ዋዜማ የመንገዱን ጸጥታ ፖሊስንና በዚያው ሳምንት ከመንገድ የተመለሱትን ሾፌሮች መጠየቅ ይገባል። ያለፈው ወር ወሬ ለዛሬ አያገለግልም። ተፈጥሮም ራሷ ዕቅድ ትለውጣለች፤ ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በተደጋገመ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከመኖሪያው ወጥቶ ነበር። መንገዱ አያስተማምንም ከተባለ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። የምንሄድበትንና የምንመለስበትንም ቀን በወረቀት ጽፈን ለወላጆቻችን እንተው፤ ብንዘገይ የት እንደሚፈልጉን ያውቃሉ።

በባቢሌ የሚታየው

የባቢሌ ዝሆኖች ከሌሎቹ የኢትዮጵያ ዝሆኖች ተለይተው ለብቻቸው የቀሩ ናቸው። እንደ ወቅቱ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች መካከል ይዘዋወራሉ፤ ከምግባቸውም አንዱ በአካባቢው የበዛው ቍልቋል ነው። በዚሁ መጠለያ ጥቍር ጋማ ያለው አንበሳ፥ ነብር፥ አጋዘንና ነጭ ጋማ ያላቸው ዝንጀሮዎች ይኖራሉ።

ዝሆንን የሚፈልግ ሰው በዐይኑ ብቻ አይፈልግም። ስካውቱ ፋንድያውን ነክቶ ትኵስ ወይም ደረቅ መሆኑን ይለያል፤ የተሰበረውን ቅርንጫፍና የኮቴውን ፈለግ ያነባል። ዝሆን የማሽተት ኃይሉ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ነፋሱ ከዝሆኑ ወደ እኛ በሚነፍስበት በኩል እንጂ ከእኛ ወደ ዝሆኑ በሚነፍስበት በኩል መቅረብ አይገባም። ጆሮውን ዘርግቶ ኵምቢውን ካነሣ «ከዚህ አትለፍ» ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ሳይሮጡ፥ ሳይጮሁ፥ ስካውቱ ባለው መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ግልገል ከያዘች እናት ደግሞ ይልቁን መራቅ ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ደክሞ ፈለጉን ብቻ አይቶ የሚመለስ ጎብኚም አለ፤ ይህንም አስቀድሞ ማወቅ የዕቅዱ ክፍል ነው።

በአዋሽ የሚታየው

የአዋሽ ፓርክ ዋናው እንስሳ ሳላ ነው። ቀንዶቹ እንደ ጦር የቀኑ፥ ፊቱ ጥቍርና ነጭ፥ በረሓን የሚችል እንስሳ ሲሆን በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ በመንጋ ይታያል። አምበራይሌ፥ ፌቆ፥ እንሹ፥ ከርከሮና ሰጎንም አሉ፤ በወንዙ ውስጥ አዞ አለ። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው የአዋሽ ወንዝ በፓርኩ በኩል በፏፏቴ ይወርዳል፤ ወደ ባሕር ሳይደርስም በአፋር ምድር በሐይቆች ውስጥ ይቀራል። በሰሜን በኩል 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ቆሟል፤ ከእርሱም ባሻገር በዘንባባ የተከበበው ፍል ውሃ አለ።

እንስሳት ለማየት የሚሻለው ጊዜ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፥ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት እስኪመሽ ያለው ነው። በቀትር ሁሉም ጥላ ሥር ይተኛል፤ እኛም እንደ እነርሱ ማረፍ ይገባናል። በፓርክ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ከፈጣኑ ይበልጥ ያያል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ሩብ ሰዓት ዝም ያለ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ከመንገዱ ወጥቶ ሣር ላይ መንዳት፥ ጥሩምባ መንፋት፥ ለዝንጀሮ ምግብ መወርወር የተከለከሉ ናቸው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ነገ መኪና ይዘርፋል፤ ከዚያም ጥፋቱ በእርሱ ተቈጥሮ ይገደላል።

ይህ ጉዞ ለምን ይጠቅማል?

የባቢሌ ዝሆኖች ቍጥር በመቶዎች የሚቈጠር እንጂ በሺህ አይደለም። ሴት ዝሆን ፅንሷን የምትሸከመው 22 ወር ነው፤ የምትወልደውም ብዙውን ጊዜ አንድ ግልገል ሲሆን እስከሚቀጥለው ወሊድ አራት ዓመት ያህል ይቈያል። እንግዲህ አዳኝ ለጥርሷ ሲል አንዲት እናት ዝሆን ቢገድል የጠፋው በአንድ ቀን ነው፤ የሚተካው ግን በዓመታት ነው። በዚህ ላይ ሸለቆዎቹ በእርሻና በሰፈራ እየጠበቡ ሄደዋል፤ የማገዶና የከሰል እንጨትም ይቈረጥባቸዋል።

ነገሩን ግን በአንድ ወገን ብቻ ማየት አይገባም። በመጠለያው ውስጥና ዙሪያ የኦሮሞና የሶማሌ ገበሬዎችና አርቢዎች ይኖራሉ፤ ዝሆን በአንድ ሌሊት የዓመት ማሽላቸውን ሊያጠፋ ይችላል። በአዋሽም የከረዩ አርቢዎች ፓርኩ ሲከለል የግጦሽ መሬታቸው ጠቦባቸዋል። በእንስሳቱ ምክንያት የሚጎዳው የአካባቢው ሰው ሆኖ ሳለ ጥቅሙን የሚያገኘው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ብቻ ከሆነ ጥበቃው ሊጸና አይችልም። ስለዚህ ጎብኚ ሆነን ስንሄድ ለውዙን ከባቢሌ ሴቶች እንግዛ፤ ምሳችንን በከተማው እንብላ፤ ለስካውቱ የሚገባውን እንክፈል፤ የሰው ፎቶግራፍ ከማንሣታችን በፊት ፈቃድ እንጠይቅ፤ ቆሻሻችንን ይዘን እንመለስ። ዝሆን በሕይወት መኖሩ ለጎረቤቱ ገንዘብ ካመጣለት ያ ጎረቤት ከማንም የተሻለ ጠባቂ ይሆናል።

ውድ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፤ ልጆች ያላዩትን ነገር ጠብቁ ቢባሉ ትእዛዙ ከጆሮ አያልፍም። አምስቱ ቀን ቢበዛ የመጀመሪያው ቀን ብቻ እንኳ ይበቃል፤ በጧት ተነሥቶ ከባቢሌ ሸለቆ ደርሶ በብርሃን መመለስ የሚቻል ነው።

ለአንባቢ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. መኪናዋ በ1 ሊትር 10 ኪሎ ሜትር በመንገድ፥ 6 ኪሎ ሜትር በፓርክ ብትሄድ ለዚሁ ጉዞ ከነመጠባበቂያው ስንት ሊትር ነዳጅ ያስፈልጋል?

2. ስምንት ሰዎች ከ20 ሊትር የራዲያተር ውሃ ጋራ ለሁለት ቀን የሚበቃ ውሃ ቢይዙ ስንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያሻቸዋል? ክብደቱስ ስንት ነው?

3. ከሐረር ወደ አዋሽ የሚሄድ ሰው ከጧቱ 12 ሰዓት መነሣቱን ትቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ቢነሣ በየትኛው ስፍራ ማደር ይገባዋል? ለምን?

4. በባቢሌ አካባቢ የሚኖር አንድ ገበሬ ማሽላው በዝሆን ጠፋበት። እናንተ የመጠለያው ኃላፊ ብትሆኑ ምን ታደርጉለታላችሁ?

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች በእርሳስና በወረቀት መመለስ ይቻላል። አራተኛውን ግን ሸለቆውን አይተን፥ ገበሬውንም አነጋግረን ብንመልሰው ይሻላል።